የሰው ሠራሽ ዳሌ ፕላስቲክ፦ የትኛው ቶሎ ይበላል፣ የትኛው ይቆያል?

ከጎጃም ለዳሌ ቅየራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፣ ቤተሰቡ አብዝቶ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ነው። የየት አገር ሥራ ነው? ይዝጋል ወይ? ስንት ዓመት ያገለግላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ብረቱ አይደለም። ብረቱ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ነው። ሐኪሞቹ «ላይነር» ይሉታል።

ላይነር በዓይነቱም በዋጋውም ይለያያል። አስመጪው ስለ ራሱ ዕቃ ጥሩ ጥሩውን ያወራል። ሐኪሙ ደግሞ ወረፋ ስለሚጠብቀው ሁሉንም ቁጭ ብሎ ለማስረዳት ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚህ እዚህ የምርት ስም አልጠራም። መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንነጋገር። ከዚያ እያንዳንዱን አማራጭ በዚያው ሚዛን እናየዋለን። የመጨረሻው ቃል የቀዶ ሐኪማችሁ ነው። ቢሆንም አውቆ የሚጠይቅ ቤተሰብ የተሻለ መልስ ይዞ ይመለሳል።

## ላይነሩ ለምን ይበላል?

በዳሌው አጥንት ጉድጓድ ውስጥ የብረት ጽዋ ይገባል። ካፕ ይባላል። ላይነሩ ካፑ ውስጥ ይቀመጣል። በጭኑ አጥንት ውስጥ ደግሞ ዘንግ ይተከላል፤ ጫፉ ላይ ክብ ኳስ አለው። ስንራመድ ኳሱ ላይነሩ ውስጥ ይንሸራተታል።

ፕላስቲኩ ፖሊኢትሊን ነው። ከቤታችን ጀሪካን ጋር ዘሩ አንድ ነው። ልዩነቱ የሞለኪዩሎቹ ርዝመት ላይ ነው። የላይነሩ ሞለኪዩሎች እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ፕላስቲኩ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ግጭትም ይችላል። ይህን ፕላስቲክ ለዳሌ መጠቀም የጀመረው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ቻርንሊ ነው። ጊዜው 1962 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቻርንሊ ከዚያ በፊት ቴፍሎን ሞክሮ ነበር። ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ተበልቶ አለቀና ብዙ ሕሙማን እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የላይነር መበላት ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሕክምና ዋና ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

ችግሩ የፕላስቲኩ መሳሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከሚረግፈው ብናኝ ነው። አብዛኛው ብናኝ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ይውጡታል፤ ፕላስቲክ ግን አይፈጭላቸውም። ሴሎቹ ይቆጣሉ፤ አጥንት የሚበሉ ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። በካፑና በዘንጉ ዙሪያ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይቦረቦራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም ላያመው ይችላል። ሕመሙ የሚመጣው ካፑ ሲላቀቅ ወይም የሳሳው አጥንት ሲሰበር ነው። ያኔ የሚሠራው ድጋሚ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል፤ ይረዝማል፤ ወጪውም ከፍ ይላል።

## መመዘኛዎቹ

በዓመት ምን ያህል ይበላል? ይህ የመጀመሪያው ሚዛን ነው። በሚሊ ሜትር ይለካል። በሙያው የታወቀ ድንበር አለ። በዓመት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በታች የሚበላ ላይነር አጥንት የሚያቦረቡረው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ከ0.1 ሲያልፍ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። 0.1 ሚሊ ሜትር ሲሉት ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። የኳሱ ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በዚህ ፍጥነት በዓመት 62 ሚሊ ሜትር ኩብ ያህል ፕላስቲክ ይረግፋል። ኳሱ 36 ቢሆን ደግሞ ወደ 102 ይጠጋል። ይህ ሁሉ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ አጥንቱ ዙሪያ ይበተናል።

በዓመት ብቻ አትቁጠሩ፤ በእርምጃ ቁጠሩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ላይነር ሲፈተሽ 1 ሚሊዮን ዙር እንደ አንድ ዓመት አጠቃቀም ይያዛል። በአንድ እግር በቀን 2,740 ገደማ፣ በሁለቱ እግር 5,500 ያህል እርምጃ ማለት ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይሆናል። የቢቸና ወይም የሞጣ ገበሬ ግን ማረሻ ይዞ ከበሬው ኋላ ሲመላለስ ይውላል። ገበያ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። ሸክምም አለበት። በፋብሪካ ወረቀት ላይ «20 ዓመት» የተባለው ላይነር ለእሱ 20 ዓመት ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው የኛ አገር ሰው የመበላት ጉዳይን ከሌላው የበለጠ ማጤን ያለበት የምለው።

እርጅና። ፖሊኢትሊን ጨረር ካገኘው በኋላ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይደርቃል፤ ይሰባበራል። አንዳንዱ ላይነር ሰው ውስጥ ሳይገባ፣ መጋዘን ውስጥ እያለ ያረጃል።

ጥንካሬ። በቀላሉ የማይበላ ሁሉ የማይሰነጠቅ ማለት አይደለም። ቀጥለን እንደምናየው አንዱን ለማግኘት ከሌላው ትንሽ ይከፈላል።

ድጋሚ መቀየር ይቻላል ወይ? ካፑ በደንብ ከያዘና አቀማመጡ ትክክል ከሆነ፣ ላይነሩን ብቻ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል። ግን ለዚያ ካፕ የሚገጥም ላይነር ያን ጊዜ መገኘት አለበት። በሲሚንቶ የሚለጠፈው ሙሉ የፕላስቲክ ካፕ ደግሞ ሲበላ ተነቅሎ ነው የሚወጣው።

ዋጋ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሬ ሸጦ የሚታከም ሰው ገንዘቡን የት ላይ ቢያወጣው እንደሚሻል ማወቅ አለበት።

## አማራጮቹ

### ተራው ፖሊኢትሊን

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያገለገለው ይህ ነው። በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ከላይ ያልነውን ድንበር ያልፋል። ይሁን እንጂ በደንብ ተሠርቶ በትንሽ ኳስ የተገጠመ፣ ብዙ በማይንቀሳቀስ አረጋዊ ላይ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለበት ጊዜ ብዙ ነው። መናቅ የለበትም።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ላይነር አየር ባለበት ማሸጊያ ውስጥ በጋማ ጨረር ነበር ከጀርም የሚጸዳው። ጨረሩ ሞለኪዩሎቹን ይቆርጣል። የተቆረጠው ጫፍ ኦክስጅን ሲያገኝ ፕላስቲኩ ይደርቃል። በኋላ ጉዳቱ ሲታወቅ አምራቾች ኦክስጅን የሌለበት ማሸጊያ መጠቀም ጀመሩ፤ ወይም በጨረር ፋንታ በጋዝ ማጽዳት ያዙ።

### ክሮስሊንክድ ፖሊኢትሊን

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበያ ላይ ዋለ። ፕላስቲኩ ከተለመደው ከፍ ያለ ጨረር ይሰጠዋል። ለማጽዳት ብቻ ቢሆን ከ25 እስከ 40 ኪሎግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል። እዚህ ግን ከ50 እስከ 100 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ረጃጅሞቹ ሞለኪዩሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ኳሱ በተለያየ አቅጣጫ ሲፈትጋቸው በቀላሉ አይነቀሉም።

ውጤቱ ትልቅ ነው። መበላቱ በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። በአውስትራሊያ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ የተከታተሏቸው ሰዎች ሲታዩ፣ ክሮስሊንክድ የገባላቸው ለድጋሚ ቀዶ ጥገና የተዳረጉት ተራው ከገባላቸው በግማሽ ገደማ ባነሰ መጠን ነው። ከዚህ የበለጠ ልዩነት ያመጣ የላይነር ለውጥ አላውቅም።

የሚከፈለው ዋጋም አለ። ጨረሩ የቀረውን «ያልተያያዘ ጫፍ» ለማጥፋት ፕላስቲኩ እንደገና ይሞቃል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀልጥ ከሞቀ ኦክስጅን አያስረጀውም፤ ጥንካሬው ግን ትንሽ ይቀንሳል። ከመቅለጫው በታች ከሞቀ ጥንካሬው ይጠበቃል፤ ግን የተወሰነ ጫፍ ይቀራል። ሁለቱም በሥራ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ጥሩ ታሪክ አላቸው። አደጋው የሚታየው ላይነሩ በጣም ስስ ሲሆንና ካፑ ቀጥ ብሎ ሲገጠም ነው። ያኔ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል።

### ቫይታሚን ኢ የተጨመረበት

ይህም ክሮስሊንክድ ነው። ኦክስጅንን የሚከላከለው በማቅለጥ ሳይሆን በቫይታሚን ኢ ነው። ስለዚህ ጥንካሬውን ሳያጣ እርጅናን ይቋቋማል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እስካሁን ባሉት 10 ዓመት ገደማ በደረሱ ክትትሎች መበላቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ሆኖም ከሌላው ክሮስሊንክድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለወጣት ሰው፣ ዋጋው እምብዛም ካልራቀ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። እሱን ለማግኘት ብቻ ብሎ ተጨማሪ በሬ መሸጥ ግን አልመክርም።

### የሴራሚክ ላይነር

በመበላት ከሁሉም ያነሰው ይህ ነው። የፕላስቲክ ብናኝ ጨርሶ የለውም። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አይወስደውም? ሴራሚክ አይታጠፍም፤ ከተሰበረ ስብርባሪ ይሆናል። የዛሬው ሴራሚክ ከድሮው በጣም የተሻለ ስለሆነ ስብራቱ ብርቅ ነው። ግን ሲደርስ ስብርባሪውን ከሥጋ ውስጥ ለቅሞ መጨረስ አይቻልም። የቀረው ቁራጭ አዲስ የብረት ኳስን ይፈጫል። አንዳንዱ ሰው ሲራመድ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። አቀማመጡ ጥቂት ከተዛባ ኳሱ የላይነሩን ጠርዝ ይመታል። መሬት ላይ የሚቀመጥ፣ ቁጢጥ የሚል፣ የሚሰግድ ሰው ዳሌውን አብዝቶ ስለሚያጥፍ ይህ ነገር ይመለከተዋል።

### ብረት በብረት

ይህን በአጭሩ እለፉት። ላይነሩም ኳሱም ብረት የሆነበት ነው። ኮባልትና ክሮሚየም ወደ ደምና ወደ ሥጋ ያረግፋል። በ2010 አንድ በሰፊው የተሸጠ ምርት በዓለም ደረጃ ከገበያ ተሰብስቧል። ዛሬ ቢቀርብላችሁ ለምን እንደተመረጠ በደንብ ጠይቁ።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | መበላት በዓመት | እርጅናን መቋቋም | ስብራትን መቋቋም | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ፖሊኢትሊን | 0.1–0.2 ሚሊ ሜትር | በማሸጊያውና በቆይታው ይወሰናል | ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ክሮስሊንክድ | ከ0.05 በታች | ጥሩ | ደህና፤ ስስ ከሆነ ጠርዙ ይሰጋል | መካከለኛ |
| ክሮስሊንክድ ከቫይታሚን ኢ ጋር | ከ0.05 በታች | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ከመካከለኛ በላይ |
| ሴራሚክ | ከሁሉም ያነሰ | አያረጅም | ከተሰበረ ከባድ ነው | ከፍተኛ |
| ብረት በብረት | ዝቅተኛ፤ ብናኙ ግን ጎጂ | አያረጅም | ጥሩ | አይመከርም |

ሠንጠረዡን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልቁ ዝላይ ከተራው ወደ ክሮስሊንክድ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት እርምጃዎች ትናንሽ ናቸው።

## ኳሱም ይቆጠራል

የኳሱ ስፋት ብዙውን ጊዜ 28፣ 32 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቅ ኳስ በቀላሉ ከቦታው አይወልቅም፤ ዳሌም የበለጠ ይታጠፋል። በሌላ በኩል ኳሱ ሲተልቅ ላይነሩ ይሳሳል፤ ብናኙም ይበዛል። በተራ ፖሊኢትሊን ላይ 36 መግጠም ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። በክሮስሊንክድ ላይ ግን 32 እና 36 በሰፊው ይሠራበታል። ካፑ ትንሽ ለሆነ ሰው፣ በተለይ ለቀጫጭን ሴቶች፣ 28 ወይም 32 ሊሻል ይችላል። ላይነሩ በቂ ውፍረት ይኑረው እንጂ ኳሱ ትልቅ ይሁን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

የሴራሚክ ኳስ በክሮስሊንክድ ላይነር ላይ ሲገጠም ጥሩ ጥምረት ነው። ኳሱ በቀላሉ አይጫርም። በኳሱና በዘንጉ መጋጠሚያ ላይ የሚደርሰውን መበላትም ይቀንሳል። ገንዘብ ከተረፈ፣ ከሴራሚክ ላይነር ይልቅ በሴራሚክ ኳስ ላይ ቢወጣ እመርጣለሁ።

የመውለቅ ስጋት ላለበት ሰው «ድርብ ተንቀሳቃሽ» የሚባል ዓይነት አለ። በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ነው። ትንሹ ኳስ በትልቅ የፕላስቲክ ኳስ ውስጥ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በካፑ ውስጥ ይዞራል። መውለቅን በደንብ ይከላከላል። ፕላስቲኩ በሁለት በኩል ስለሚፈተግ ግን እዚህም የፕላስቲኩን ዓይነት መጠየቅ ተገቢ ነው።

## ማሸጊያውና ቀኑ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ጥሩ ላይነር በመጥፎ ማሸጊያ ይበላሻል። በ2021 እና በ2022 አንድ አሜሪካዊ አምራች በርካታ ላይነሮችን ከገበያ ሰብስቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ ማሸጊያው ኦክስጅን የሚከለክል አንድ ንብርብር የጎደለው ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ ቁጥጥር ባለበት ገበያ ነው።

እናንተም ማየት የምትችሉት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ የአሸዋ ሰዓት ምልክት አለ፤ አጠገቡ የተጻፈው ቀን የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ነው። የፋብሪካ ሥዕል አጠገብ ያለው ቀን ደግሞ የተመረተበት ነው። በክብ ውስጥ የተሰረዘ 2 ቁጥር ማለት አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው ማለት ነው። ጊዜው ያለፈበትን ላይነር እንደገና ቀቅሎ ወይም በእንፋሎት አጽድቶ መጠቀም አይቻልም። ሙቀቱ ቅርጹን ያዛባዋል፤ እርጅናውንም ያፋጥነዋል። በእርዳታ የመጣ ዕቃም ቢሆን ቀኑ ይታያል። ነጻ ስለሆነ ብቻ አይታለፍም።

## ለማን የትኛው?

ከ60 ዓመት በታች ሆኖ በጉልበቱ የሚያድር ሰው። አርሶ አደር፣ ግንበኛ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ። ክሮስሊንክድ ይፈልግ። ከተገኘ ከሴራሚክ ኳስ ጋር። ገንዘብ ካጠረ የብረት ኳስ ይሁን፤ ላይነሩ ግን አይቀነስ። የቀረውን ገንዘብ ለክትትል ያስቀምጥ።

በጣም ወጣት፣ 20ዎቹና 30ዎቹ ውስጥ ያለ። ምናልባት በልጅነቱ በደረሰ ሕመም ወይም የጭኑ አጥንት ራስ ደም በማጣቱ ዳሌው የተበላሸበት ሰው ነው። እሱ ቢያንስ አንድ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ሊጠብቅ ይችላል። ቫይታሚን ኢ ያለበት ወይም ሌላ ጥሩ ክሮስሊንክድ ይፈልግ። በተጨማሪ ካፑ ላይነሩን ብቻ መቀየር የሚያስችል ይሁን። ሴራሚክ ላይነርን በዚህ ዕድሜ ማሰብ ይቻላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ብዙ የሠራበት ከሆነ ብቻ።

ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ከቤት ብዙም የማይወጡ። በሲሚንቶ የሚለጠፍ የፖሊኢትሊን ካፕ ከትንሽ ኳስ ጋር ሊበቃ ይችላል። የጭን አንገት ስብራት የደረሰባቸው አረጋውያን ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ቅየራ ነው የሚሠራላቸው። በግማሽ ቅየራ የጭኑ ኳስ ብቻ ይተካል፤ ካፕም ካፑ ውስጥ የሚገባ ላይነርም የለም። ስለዚህ «ለእናቴ የትኛውን ላይነር ልግዛ?» ከማለታችሁ በፊት ሙሉ ነው ግማሽ ብላችሁ ጠይቁ።

ስግደት የማይተዉ አባቶችና እናቶች። ዳሌ ሲታጠፍ የዘንጉ አንገት የላይነሩን ጠርዝ ይመታል። ጠርዙ ይጎዳል፤ ኳሱም ሊወልቅ ይችላል። የዐቢይ ጾምና የሰሙነ ሕማማት ስግደት ከመድረሱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ለንስሐ አባትም መንገር ጥሩ ነው፤ ቆሞ መጸለይ፣ በመቋሚያ መደገፍ አለ። በርጩማው ከፍ ይበል። መጸዳጃውም መቀመጫ ይኑረው።

## ሐኪሙን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ

«ዶክተር፣ ላይነሩ ተራ ነው ወይስ ክሮስሊንክድ?» «የኳሱ ስፋትና የላይነሩ ውፍረት ስንት ነው?» «ከ10 ዓመት በኋላ ላይነሩን ብቻ መቀየር ቢያስፈልግ ይገኛል?» «ካርቶኑ ላይ ያለውን ስቲከር ከካርዴ ጋር ይለጥፉልኝ?» የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያያችሁ ምን እንደገባላችሁ የሚያውቀው በዚያ ስቲከር ነው። ስቲከሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ለልጆቻችሁም ላኩት። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ዕቃው ይሸፈን እንደሆነ ከቀጠሮው በፊት አጣሩ።

ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ። ካፑ የሚገጠምበት አንግል 40 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። በጣም ቀጥ ካለ ምርጡ ላይነርም ጠርዙ ላይ ይበላል። ስለዚህ ብዙ የዳሌ ቅየራ የሠራ ሐኪም ማግኘት ከአንድ ደረጃ ከፍ ካለ ላይነር ይበልጣል።

## ራጁ

ላይነር ሲበላ ስለማያም መበላቱ የሚታወቀው በራጅ ነው። በራጁ ላይ ኳሱ ከካፑ መሃል ወደ ላይ ሲጠጋ ይታያል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ኳሱ ትንሽ ይጠልቃል። ይህ ፕላስቲኩ ቦታውን ሲይዝ እንጂ መበላት አይደለም። ስለዚህ የ1 ዓመቱ ራጅ መነሻ ይሆናል፤ ቀጣዮቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ፣ ብዙውን ጊዜ በየጥቂት ዓመቱ፣ መታየት ነው። ተራ ፖሊኢትሊን የገባለት ሰው ከ5 ዓመት በኋላ መቅረት የለበትም። ቀጠሮው ሰኔና ሐምሌ እርሻ ላይ ወይም ኅዳር አጨዳ ላይ እንዳይውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። «አላመመኝም» ብሎ የሚቀር ብዙ ነውና። ራጁ በእጃችሁ ከተሰጣችሁ እርጥበትና ጭስ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። በየቀጠሮው አሮጌውንም አዲሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚለካው።